የነበልባል ሁለተኛ ዓይን

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ሥዕል ነው። በልጅነቱ ከአንድ መሪጌታ እግር ሥር ተቀምጦ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተምሯል። ኋላ ከተማ ገባና ለአንድ መጽሔት ኮሚክ፣ በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ ታሪክ፣ መሣል ጀመረ። ኮሚክ ታውቃላችሁ አይደል? አናውቅም እንዳትሉኝ፤ የልጆቻችሁን ትራስ ገለጥ አድርጉ።

የዚህ ሰው ጀግና ነበልባል ይባላል። ከተማው ላይ ይበራል። ከሕንፃ የወደቀውን ሠራተኛ በአየር ላይ ይቀልበዋል፤ መንገድ የጠፋባቸውን አሮጊት አዝሎ ቤታቸው ያደርሳል። ይሄን ሁሉ የሚያደርገው እየሳቀ ነው። የሠዓሊው ልጅ ትንግርት ነበልባልን ስትወደው አይጣል ነው! መብራት ሲጠፋ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ብቻዋን የምትወርደው «ነበልባል አለ» እያለች ነበር።

መጽሔቱ ግን አልሸጥ አለ። አዘጋጁ አቶ ይልቃል ሠዓሊውን ጠራው። «ወንድሜ፣ ይሄ ሰውዬህ ጥርሱን የማይከድነው ምን አግኝቶ ነው? ሕዝቡን ኑሮ አንገፍግፎታል። እስቲ ትንሽ አጨልመው።»

አጨለመው። ከተማው ላይ የማያባራ ዝናብ አወረደ። ነበልባል ሳቁን ተወ፤ ሌባ ሲይዝ ክንድ መስበር ጀመረ። መጽሔቱም እንደ ጉድ ተቸበቸበ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይሄ ሁሉ መወደድ ይገባዋል ወይ? በከፊል ይገባዋል ብል ትቆጡኛላችሁ? ክፋት የለም የሚል ታሪክ እኮ በተበደለ ሰው ላይ ያሾፋል። ወንድም ወንድሙን ሜዳ ላይ ሲገድል፣ ፀሐይ በቀትር ስትጨልም የተረኩልን አባቶቻችን ጨለማውን አልደበቁንም። ስለዚህ ጨለማ ተሣለበት ብላችሁ መጽሔቱን እሳት ውስጥ አትወርውሩ። ሰውዬው የተሳሳተው ሌላ ቦታ ነው።

የት? ቀና ብላችሁ የቤተ ክርስቲያናችንን ግድግዳ እዩ። ጻድቃኑ ፊታቸውን ወደ እናንተ መልሰው በሁለት ዓይናቸው ያዩአችኋል። ሰይጣንና የጻድቃኑ ገዳዮች ግን በጎን ናቸው፤ አንድ ዓይን ብቻ። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ወግ ነው። ሰውዬው ይሄን ወግ ከልጅነቱ ጀምሮ በእጁ ያውቀዋል። ነበልባል እየጨከነ በሄደ ቁጥር ሳያስበው እጁ ጀግናውን ወደ ጎን ያዞረው ጀመር። መጀመሪያ ጥላ አንዱን ዓይን ሸፈነው። ከዚያ ፊቱ ዞረ። በመጨረሻ አንድ ዓይን ብቻ ቀረለት። ልቡ ጀግና ሣልኩ ይላል፤ እጁ ግን ማንን እንደሣለ ያውቃል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። ሕልም አየ። ራሱ በሣለው ከተማ ውስጥ ቆሟል። ዝናቡ ይዘንባል፤ ድምፅ ግን የለውም። መስኮቶቹ በርተዋል፤ ከኋላቸው ግን ቤት የለም፤ እሱ መቼ ሣለውና! መሬቱ እንደ ራሰ ወረቀት ለስልሶ እግሩን ወደ ውስጥ ይስበዋል። «ነበልባል!» ብሎ ተጣራ። መጣ። ካባው ሰማዩን ሞላው። ሰውዬው ደስ ብሎት እጁን ዘረጋ፤ ጀግናው ግን ጎኑን ሰጥቶ አለፈው። ዞሮ በሌላ በኩል ሄደ፤ እዚያም ጎን ነው። በየት ቢዞር ፊቱን አጣው።

«እባክህ እየኝ!» አለው።

ነበልባልም በቀስታ፣ በራሱ በሠዓሊው ድምፅ፣ «ምን አጥፍተሃል?» አለው።

ስልክ ቀሰቀሰው። ሚስቱ ናት፤ ታለቅሳለች። «ትንግርት የለችም! ብርጭቆ ተሰብሯል፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ልጄ የለችም!»

እየበረረ ደረሰ። ጎረቤቱ በየፎቁ «ትንግርት! ትንግርት!» እያለ ይፈልጋል። እሱ ጣሪያው ላይ ወጣ። ከውሃ ሮቶዎቹ ጀርባ፣ መከለያ የሌለው ጠርዝ አጠገብ ኩርምት ብላለች። ስታየው ተነሥታ ወደ ጠርዙ አፈገፈገች።

«አትምጣ! እሱ ነው የላከህ?»

«ማን ነው የሚልከኝ?»

«ነበልባል። ብርጭቆ ሰብሬያለሁ። ክንዴን ይሰብረዋል።»

ምእመናን፣ አባት ይሄን ሲሰማ ምን ይሆናል? ሮጦ ሊይዛት አልደፈረም። እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ አለና ፊቱን ወደ እሷ መለሰ። «የኔ ልጅ፣ እዪኝ። ማንም አልላከኝም። አንቺን ፈልጌ ነው የመጣሁት።» ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ መጥታ ጭኑ ላይ ወደቀች፤ ሁለቱም አለቀሱ።

በሚቀጥለው እትም ከተማውን ብሩህ አላደረገውም። ዝናቡም ሌባውም እዚያው አሉ። ነበልባል ግን ጭቃው ላይ ከተዘረረው ሌባ አጠገብ በርከክ ብሎ ፊቱን ወደ እሱ መልሷል፤ ሁለት ዓይን አለው።

አቶ ይልቃል ግራ ገባው። «ሊያነሣው ነው ወይስ ሊመታው?»

«መጀመሪያ ይየው» አለ ሠዓሊው።

ተሸጠ ወይ ትሉኛላችሁ። እኔ እንጃ! የእኔ ጥያቄ ስለ እናንተ ነው። ክፉን በመጥላት ማን ይችለናል? ልጅ ስንቀጣ፣ የቤት ሠራተኛ ስንቆጣ፣ የትዳር ጓደኛችንን ስንገሥጽ እውነቱ ከእኛ ጋር ሊሆን ይችላል። ግን በየትኛው ፊታችን ነው የምንመጣው? ጌታ ወደ ጨለማችን ሲወርድ «ምን አጥፍታችኋል?» ቢለን መብቱ ነበር። እሱ ግን ፊቱን መለሰልን።

ዛሬ ቤታችሁ ስትደርሱ ቁልፉን በሩ ውስጥ ከተታችሁ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ወደ በሩ የሚሮጥ እግር ትሰማላችሁ? ወይስ የሚደበቅ እግር? የሚደበቅ ከሆነ አታሳድዱት። በስሙ ጥሩትና መሬት ላይ ቁጭ በሉ። ፊታችሁን አይቶ እስኪያምናችሁ ድረስ ጠብቁት።