የምሳው ትእዛዝ

መልስ የማታጣ አንዲት የአይቲ ሠራተኛ ለአለቃዋ ለዋና ኃላፊው ለአቶ ዘርጋው ሦስት ጊዜ እንዲህ ስትል ጽፋለች፦ ሠራተኛው ከቤቱ ሆኖ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲስተም የሚገባበት ፕሮግራም ቀዳዳ አለው፤ በተራ ሠራተኛ ስም የገባ ሁሉ እንደ ዋና ኃላፊ ማዘዝ ይችላል።

አቶ ዘርጋው በስብሰባ መሃል አስነሧት። «እኔ ሳልወክለው በኔ ስም የሚያዝ ሰው የለም! ወይ አሁኑኑ አሳዪን፣ ወይ ሥራሽን ልቀቂ!»

«እሺ ጌታዬ» አለችና በስልኳ ወደ ፕሮግራሙ በራሷ ስም ገብታ ጥቂት ነካካች። ወዲያው የሁሉም ስልክ ጮኸ። «ከዋና ኃላፊው ከአቶ ዘርጋው፦ ስብሰባው አብቅቷል፤ ምሳ ውጡ» ይላል የገባው መልእክት። ተሰብሳቢው ትእዛዝ አክባሪ ነውና ወንበሩን እየገፋ ተነሣ።

አቶ ዘርጋው ጠረጴዛውን ደበደቡት። «ማነው የወከለሽ?»

«ማንም» አለች ቦርሳዋን እያነሣች። «ሦስት ጊዜ የጻፍኩልዎም ይህንኑ ነው።»