የደብሪቱ የስለት ጋን

ድሮ ድሮ፣ የአያቴ አያት ገና በአንቀልባ ታዝሎ ሳለ፣ ውሃ አምባ በምትባል አገር ደብሪቱ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ባሏ ቸኮል ማረሻ ይቀጠቅጣል፣ እሷ ጭቃ ታቦካለች። ያገሩ ሰው ወጡን በእሷ ድስት እየሠራ፣ ውሃውን በእሷ እንስራ እየቀዳ፣ እሷን ግን «ጠይብ ናት፣ ቡዳ ናት» ይላት ነበር። አይ ሰው! የእጇን ሥራ ይወዳል፣ እጇን ይጸየፋል። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እንኳ ከቅጥሩ በር አታልፍም፤ ከውጭ፣ ካቡን ተደግፋ ታስቀድሳለች።

አንድ ክረምት ያለቻትን አንዲት ልጅ ኩፍኝ ጣለባት። ልጅቷ ዓይኗ ተከደነ፣ ውሃ እንኳ አልወርድላት አለ። ደብሪቱ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ተንበረከከች። «እመቤቴ፣ ይችን ማሪልኝ፤ ለጸበልሽ የሚሆን ጋን በገዛ እጄ ሠርቼ አስገባለሁ» ብላ ተሳለች። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ «እማዬ፣ ራበኝ» አለች። ደብሪቱ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ መሬት ሳመች። ከዚያ ወዲህ ሐሳቧ አንድ ብቻ ሆነ፤ ስለቷን ማድረስ።

ጋኑን ሠራች። ለኅዳር ጽዮን በጀርባዋ አዝላ ሄደች። በሩ ላይ ጭቃ ሹሙ ጓንጉል ቆሟል። ጓንጉል ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግትር ነበር እንጂ።

«የቡዳ እጅ ያረፈበት ጋን ከዚህ አያልፍም!» አለ።

ሕዝቡ አጉረመረመ። ከመሐል ድንጋይ ተወረወረ፤ ጋኑ እንክትክት አለ። ጓንጉልም አሽከሩን ማዶ ገበያ ልኮ «ንጹሕ ጋን» አስገዛ። የሸጠው ነጋዴ ነው፤ የሠራውስ ማን ይመስላችኋል፣ መልአክ? ብቻ ማንም አልጠየቀም፣ ጋኑም ገባ።

ደብሪቱ ስባሪውን በነጠላዋ ሰበሰበች። «ተመስገን፣ ልጄ አለችልኝ» እያለች ተመለሰች። ስባሪውን ወቀጠች፣ ነፋች፣ ከአዲስ ጭቃ ጋር አቦካችው። ሸክላ ሠሪ ታውቃለች፤ ስባሪ የገባበት ጭቃ ይጠነክራል።

በሁለተኛው ዓመት ጓንጉል ከጭቃው ጉድጓድ ከለከላት። እሷም ወንዙን ተሻገረች፣ ግማሽ ቀን ተጓዘች፣ አፈሩን በስልቻ ተሸክማ መጣች። ጋኑን ሠራች። እሳት ውስጥ ሳለ፣ በጥቅምት አጋማሽ፣ ያልታሰበ ዝናብ ወረደበት። ጧ! ብሎ ፈነዳ።

ያን ቀን ቸኮል ተቆጣ። «አንቺ ሴትዮ፣ ተዪው! አይፈልጉሽም። እዚያ ደጅ ላይ ልትሞቺ ነው?»

«ስለቴ ለእመቤቴ ነው እንጂ ለጓንጉል ነው እንዴ?» አለችው።

አለችው እንጂ እሷም ሰው ናት፣ መረራት። ሁለት ሰንበት ቤተ ክርስቲያን ሳትሄድ ቀረች። ከቤቷ ደጃፍ ኩርምት ብላ ተቀመጠች። ልጅቷ ግን ፊት ለፊቷ ትሮጣለች፣ ትወድቃለች፣ ተነሥታ ትስቃለች። ደብሪቱ ያችን ልጅ አየችና አፈረች። «ይቅር በይኝ እመቤቴ፣ የሰጠሽኝን ረስቼ» አለችና ተነሣች። ቸኮልም ለጋኗ መተኮሻ ማገዶ ሊሰብር ወጣ። ባል እንዲህ ነው የሚታረቀው፣ ምን ታደርጉታላችሁ!

በሦስተኛው ዓመት የሁለተኛውንም ጋን ስባሪ ወቅጣ ከአዲስ ጭቃ ጋር ቀላቀለች። ጋኑን ሠራች። ተኮሰችው፣ ቀላ፣ አማረ። ለኅዳር ጽዮን አዝላ ሄደች። ጓንጉል በሩ ላይ ቆሟል።

«አሁንም መጣሽ?»

«አሁንም መጣሁ።»

ድንጋይ ያነሡ ነበሩ። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያኑ ጋን ለበዓሉ ሊታጠብ ወደ በሩ ወጥቶ ነበር፤ ቄሰ ገበዝ ላቀውም አጠገቡ ቆመዋል። ደብሪቱ ጋኗን ከጎኑ አሳረፈች። ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። ይሄን አዩ፣ ያን አዩ። የደብሪቱ ቀኝ አውራ ጣት በልጅነቷ እሳት ፈጅቶት ጠማማ ነው፤ ጋን ስትጨርስ አንገቱ ሥር በዚያ ጣት ተጭና ምልክት ታደርጋለች። ሁለቱም ጋኖች ላይ ያው ጠማማ ጣት!

«ደብሪቱ፣ ይኸን የኛን ጋን ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ አባቴ። ለማዶ ነጋዴ የሸጥኩት ነው።»

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሠራችው ጋን ጸበል ሲጠጡ ኖረዋል፤ የሞተም የታመመም የለም። እንዲያውም የጓንጉል ሚስት ከወገብ ሕመሟ የዳነችው በዚያው ጸበል ነው። ያነሡትን ድንጋይ ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ።

ቄሰ ገበዙ ደስ አላቸው። «እንግዲያማ ስለትሽ ደርሷል ልጄ! ጋንሽ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በሰላም ወደ ቤትሽ ግቢ» አሏት። ሕዝቡም ተገላገልን ብሎ ተነፈሰ።

ደብሪቱ ራሷን ነቀነቀች።

«አይ አባቴ። ያኛው የተሸጠ ነው። ስለቴ ይኼ ነው።»

ጓንጉል አቀረቀረ። ከዚያ ካባውን አውልቆ ለአሽከሩ ሰጠ፣ ጎንበስ ብሎም ጋኗን ተሸከመ። «ቅደሚ እህቴ፣ መንገድ ምሪኝ» አላት። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው በሩን አለፉ። እሷ «ተመስገን፣ ተመስገን» እያለች ታለቅስ ነበር። ልጅቷም ቀሚሷን ይዛ ገባች።

እስከ ዛሬ በውሃ አምባ ለኅዳር ጽዮን ጋኑን ተሸክሞ የሚያስገባው ያገሩ ሹም ነው፤ ፊት ፊቱ የምትሄደው ሸክላ ሠሪ ናት። «እስካሁን ያመሰገንከው ይበቃሃል» የተባለ ሰውም «ስለቴ ይኼ ነው» ብሎ የደብሪቱን ቃል ይመልሳል። እኔም ይኸው ጉልበቴ ከድቶኝ ዳገቱን ስወጣ፣ ልጆቼ «አባባ፣ ዕድሜህን ሙሉ ስታስቀድስ ኖረሃል፤ ዘንድሮ እንኳ ይቅርብህ» ይሉኛል። መልሴን እናንተም አሁን ታውቁታላችሁ።