ቡልኮ ጋርዶ የሚበላው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ ሲበላ ማንም እንዳያየው መጋረጃ የሚጋርድ። ቁጭ በል፣ ጌጤነህ። «የኔታ፣ በበላሁ ቁጥር ሆዴ ይነፋል፤ የአንጥረኛው ሚስት ዓይን ነውና ክታብ ይጻፉልኝ። ወይስ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ክታቡን ለጊዜው ተወውና ይህን ሰው ስማኝ። ስነግርህ ብቆጣም አትቀየመኝ፤ ይህን ነገር ባነሣሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ሰውዬው ሀብታም ገበሬ ነበር። ልጅ ሳለ እናቱ «ሲበሉ የሚያይ ዓይን ክፉ ነው» እያለች ነጠላዋን ጋርዳ ታጎርሰው ነበር። አደገ፣ አገባ፣ ጢም አበቀለ፤ መጋረጃው ግን አልወረደለትም። ምግብ ሲቀርብ ሚስቱ ጓዳው በር ላይ ወፍራም ቡልኮ ትሰቅላለች፤ እሱ ከኋላው ብቻውን ይቀመጣል። እሷም ብትሆን እንጀራውን አስቀምጣ ትወጣለች እንጂ አብራው አትበላም።

አበላሉ የሌባ ነበር። ደጅ ሰው ካሳለ ወይ ውሻ ከጮኸ፣ መጡብኝ ብሎ ጉርሻውን ሳያላምጥ ይውጣል። ጉሮሮውን ሲያንቀው በጠላ ያወርደዋል። ለሦስት ሰው የቀረበ የሚመስለውን የባቄላ ወጥ ትንፋሽ ሳይመልስ ይጨርስና እዚያው መደቡ ላይ ይጋደማል። ከዚያ ሆዱ ይነረታል። ያገሳል፣ ይገላበጣል፣ መቀነቱን ፈትቶ ያቃስታል። እንግዲህ ልብ በል፤ ይህ ሰው አንድ ቀን እንኳ «እንዴት በላሁ?» ብሎ ራሱን ጠይቆ አያውቅም። የሚጠይቀው «ማን አየኝ?» ብሎ ነበር።

ከመንደሩ ግርጌ አንዲት ሸክላ ሠሪ ትኖር ነበር። ባሏ ሞቶባት እንስራና ድስት እየሠራች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ገበያ ስትወጣ መንገዷ በሰውዬው አጥር ሥር ነው። አገሩ ደግሞ ሸክላ የሚሠራን ሁሉ ቡዳ የሚል አገር ነው። በእጇ በሠራችው ድስት ወጡን ሠርቶ ይበላል፤ ዞሮ ደግሞ ዓይኗ ሰው ይበላል ይላል። ትንሽ እንኳ አያፍርም! ሰውዬውም አላመነታም፤ «የበላችኝ እሷ ናት» አለ።

ወሬው ከአፉ ወጥቶ መንደሩን ሞላው። ሸክላዋን የሚገዛት ጠፋ። ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ ውሃቸውን ሳይሞሉ ይሸሻሉ። ልጆቿን የሚያጫውት ልጅ ታጣ። እሷም በዚያ አጥር ሥር ማለፍ ተወች፤ ዙሪያ ጥምዝ በገደሉ በኩል ትሄድ ጀመር። የሰውዬው ሆድ ግን እንደ ድሮው ይነፋል። ይኼ እንኳ ልብ አልሰጠውም! «ከሩቅም ትችላለች» አለና ከአገር ትውጣልኝ ብሎ ሽማግሌ ጠራ። የአብዬን እከክ እምዬ ላይ ልክክ ማለት ይኸው ነው።

ሽማግሌዎቹ መጡ፤ በግ ታረደላቸው። እነሱ በአንድ ገበታ ከበው ሲቀመጡ ባለቤቱ እንደ ልማዱ ከቡልኮው ኋላ ገባ። ከመካከላቸው «ይህ ሰው እንግዳ ጠርቶ ለምን ይደበቃል?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ጮማው አፋቸውን ዘግቶት ነበር። በልተው ሲያበቁ ሊፈርዱባት ነው።

ሚስቱ ዕድሜዋን ሙሉ ዝም ያለች ሴት ናት። ያን ቀን ግን የሸክላ ሠሪዋ ልጆች ነገር አላስችል አላት። የጠላውን ማንቆርቆሪያ መሬት አስቀመጠችና ቡልኮውን ከነገመዱ መንጭቃ ጣለችው።

ሁሉም አዩት። ሁለቱም ጉንጮቹ ተወጥረው፣ ዓይኖቹ እንባ አቅርረው፣ በአንድ እጁ ዋንጫ በሌላው ጉርሻ እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ሆዱን የሚነፋውን ፈልጋችሁ አልነበር የመጣችሁት? ያውላችሁ!» አለች። «ያላላመጠውን ከነትንፋሹ ይውጣል፤ ውጦ ይተኛል። ስንቴ ቀስ በል አልኩት! እናንተስ የድሃ ቤት ልታፈርሱ ስትመጡ እኔን አብስዬ የማቀርብለትን አንድ ቃል ጠየቃችሁኝ?»

ትልቁ ሽማግሌም ፍርዱን ወደ ሰውዬው መለሰው፤ «ከዛሬ ጀምሮ መጋረጃ የለም። ከቤተሰብህ ጋር እያወጋህ፣ እያላመጥህ ብላ። በልተህ አትጋደም፤ ማሳህን ዞር ዞር በል። አሁን ደግሞ ሄደህ ያቺን ሴት ይቅርታ ጠይቃት» አለው። ሰውዬው ሊነሣ ሞከረ። ሆዱ ተነርቶ ስለነበር መልሶ ተቀመጠ። «ሲሻለኝ እሄዳለሁ» አለ። ሽማግሌዎቹም ጠግበው ነበርና እሺ አሉት!

እንደተፈረደበት አደረገ። ከሚስቱ ጋር ቀስ ብሎ በላ፤ ባቄላውን አሳነሰ፤ ከምግብ በኋላ በእግሩ ተንሸራሸረ። ሰነባብቶ ሆዱ ቀለለለት። ደስ አለው፤ ማርና ጤፍ አስጭኖ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ቤት ወረደ። በሩ ክፍት ነበር። ምድጃው ቀዝቅዟል። ያልተተኮሱ እንስራዎች ደጅ ላይ ዝናብ አፍርሷቸው ጭቃ ሆነዋል። ፍርድ ሊሰጥባት መሆኑን ሰምታ ልጆቿን ይዛ ሄዳለች። ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ አልተገኘም። እሱ ከሆዱ ሕመም ዳነ፤ እሷ ግን አገር አልባ ሆና ቀረች።

ጌጤነህ፣ ያ ሰው አንተ ነህ። ከእርሻ ስትገባ ልብስህን እንኳ ሳትቀይር እንደምትውጥና ወዲያው እንደምትተኛ ሚስትህ ነግራኛለች። ቀስ ብለህ አላምጥ፤ በአንድ ጊዜ ብዙ አትብላ። ባቄላና ሽምብራው አድሮ ይዘፍዘፍ፣ በደንብም ይብሰል። የትኛው ምግብ እንደሚነፋህ ራስህ ተከታተልና አሳንሰው። ይህን አድርገህ መነፋቱ ካልተወህ፣ ወይም ከከሳህ፣ ካስመለሰህ፣ ደም ካየህ፣ ጤና ጣቢያ ሄደህ ሐኪም ይይህ። ክታብ ግን ከእኔ አታገኝም።

የአንጥረኛው ሚስት ስሟን በየደጁ ካነሣህባት ሰንብተሃል። ትናንት እንኳ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ብቻዋን ቆማ አየኋት። አንተም ሲሻለኝ እሄዳለሁ እንዳትለኝ። ተነሥ፤ ከነተነፋው ሆድህ አሁኑኑ ሂድና ይቅርታ ጠይቃት።