የት ጋ ተሰበረ?

አንድ ጊዜ ወንዝ የበኩር ልጁን የወሰደበት አንድ አህያ ነበር። ሣሩ ከወንዙ ማዶ ነበር። አባት ፊት ፊት ዋኘ፣ ልጅ ተከተለ። አባት ማዶ ደርሶ ዞር ሲል ከኋላው ያለው ውሃ ብቻ ሆነ።

ዓመቱ ዞረና የወዲህኛው ዳር እንደገና ተግጦ አፈር ሆነ። ለአህያው የቀረችው አንዲት ውርንጭላ ናት። ደጋው ላይ ደመናው መጥቆር ጀምሯል፤ እዚያ ዘነበ ማለት እዚህ ወንዙ ሞላ ማለት ነው። ውርንጭላዋ ከዚያ በፊት ካልተሻገረች በረሃብ ማለቋ ነው። ብትዋኝ ደግሞ...

«አትዋኝም» አለ አህያው። «ድልድይ እሠራለሁ።»

ወንዙ በሁለት ዐለቶች መካከል የሚጠብበት ቦታ ነበር። አህያው ነፋስ የጣለውን ግንድ በአንገቱ ጎተተ፣ በግንባሩ ገፋ፣ ጫፉን ከማዶው ዐለት ላይ አሳረፈ። ከዚያም ጥንካሬውን ለመፈተን አንድ ትልቅ ድንጋይ አንከባሎ ላከበት። ግንዱ ጓ ብሎ ለሁለት ተከፈለ! ግማሹ ወንዝ ገባ፤ ግማሹ ዐለቱ ላይ ቀረ።

ድምፁ ንጉሥ አንበሳን ከእንቅልፉ ቀሰቀሰው። ወዲያው ሸንጎ ጠራ።

«ግንዱን ማን ሰበረው?» አለ እያዛጋ።

«ጌታዬ፣ ወንዙ ተቆጥቶ ነው» አለ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ። «አንድ አህያ ይገበርለት። እኔ ከታች በኩል ሆኜ እቀበልለታለሁ።»

«ጥፋቱ የግንዱ ነው!» ጮኸ ዝንጀሮ። «ይገረፍ!»

«ሰው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይመታል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች ቀበሮ። «ግንድ የሚገርፍ ግን ዛሬ ገና አየሁ።»

ሸንጎው ሳቀ። አንበሳ ግን አልሳቀም። «ለመሆኑ አህያው ራሱ የት አለ?»

አህያው ሸንጎው ላይ አልነበረም። ዐለቱ ላይ ተንበርክኮ ስባሪውን ያሸት ነበር። ድንገት ጆሮዎቹ ቀጥ ብለው ቆሙ። እየጋለበ መጣ።

«አገኘሁት! ምስጥ ነው! ላዩ ደህና ነው፣ ውስጡ ባዶ! ከእንግዲህ ግንድ ከመጎተቴ በፊት በኮቴዬ አንኳኳለሁ!»

«እኛ የጠየቅነው ማን እንደሰበረው ነው!» አገሣ አንበሳ።

«ጌታዬ፣ ማን እንደሰበረው እርስዎ ይፍረዱ። የት ጋ እንደተሰበረ ግን ለእኔ ይተዉልኝ» አለና ዞሮ ጋለበ።

አህያው ጫካውን እያንኳኳ ዞረ። አንዱ ዶም አለ፤ ተወው። ሌላው ቋ አለ፤ ወሰደው። ሁለት ቀጥ ያሉ የጽድ ግንዶች ከዐለት ዐለት ጎን ለጎን አጋድሞ፣ ገበሬ በጣለው የቆዳ ጠፍር አሰራቸው። ግንዶቹ እንደ አንድ ሆኑ። አህያው ራሱ ወጣባቸው። ሄደ፣ ሄደ... መሃል ላይ ሲደርስ ግንዶቹ ግራና ቀኝ ተለያዩ፤ እሱም በመካከላቸው ወንዙ ውስጥ ገባ።

እየዋኘ ወዲህኛው ዳር ወጣ። ይንቀጠቀጣል፤ ይስቃልም። ቀበሮ ዐለት ላይ ቁጭ ብላ ታየው ነበር።

«ወንድም አህያ፣ እየወደቅህ ትስቃለህ? አብደሃል ልበል?»

«ጠፍሩ ነው! አየሽው? ሲደርቅ ይጨብጣል፣ ሲርስ ይለቃል። የውሃው ፍንጣቂ አርሶት ነው እንጂ ግንዶቹ ምንም አልሆኑም። ሐረግ ነው የሚያስፈልገኝ! ውሃ የለመደ ሐረግ!»

«እሺ፤ ታዲያ ይኼ ምኑ ያስደስታል?»

አህያው ወደ ወንዙ ዞረ። ከጆሮዎቹ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር።

«ልጄን ሲወስደው ወንዙ ምንም አልነገረኝም» አለ። «ይኼ ግን ሲሰበር ይናገራል።»

ቀበሮ «ሐረግ የበቀለበትን እኔ አሳይሃለሁ» ብላ ተነሣች። በርግጥ ማዶ ያሉትን ቆቆች ማሰቧ አልቀረም።

ሐረጉ ታሰረ። አህያው ቀስ ብሎ ተሻገረ፣ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ድልድዩ ቻለው።

«እሰይ! በል ልጅህን ጥራት!» አለች ቀበሮ።

«አይሆንም። እኔ እየተጠነቀቅሁ ነው የሄድኩት። ልጅ ትሮጣለች፣ ትዘላለች። ሳያስብ የሚሮጥ ይሻገርበት። የሚሰበር ከሆነ እሷ ሳትወጣበት ይሰበር።»

«ሳያስብ የሚሮጥ?» ቀበሮ ወደ ወንዙ ታች ተመለከተች። እዚያ አያ ጅቦ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። አምናም የተቀመጠው እዚያው ነበር።

«አያ ጅቦ! ማዶ በሬ ሞቷል!»

«ቆይ፣ ድልድዩ ገና አልተፈተነም፣ ልትወድቅ ትችላለህ!» ብሎ አህያው ጮኸ። ጅቡ የሰማው ግን በሬ የሚለውን ብቻ ነው። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ተሻገረ።

«የታለ?»

«ውይ፣ ተሳስቼ ነው! ለካ ወዲህ ነው!»

ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። «የታለ?»

«ኧረ ማዶ ነው! ከቁጥቋጦው ጀርባ ፈልግ እንጂ!»

ጅቡ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ተመላለሰ። አህያው ከሥር ዐለቱ ላይ ተጋድሞ ጆሮዎቹን ቀስሯል። ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማ።

«አንዴ ድገመው! አዎ፣ እዚህ ጋ ነው! የዐለቱ ጠርዝ ሐረጉን እየሞረደው ነው!»

ጅቡ ምላሱን ዘርግቶ ወዲህኛው ዳር ላይ ሲወድቅ አህያው ከሐረጉ ሥር ልጥ ጎዝጉዞ ጨርሶ ነበር። ያኔ ደጋው ነጎደ።

«አሁን ነይ!» አለ።

«አባ፣ ከኋላህ ልከተል?»

«የለም። ፊት ፊት ሂጂ። እያየሁሽ ነው የምትሻገሪው።»

ውርንጭላዋ መራመድ መቼ ታውቅና! ዘለለች፣ ፈነጠዘች። መሃል ላይ ግን ቆም ብላ ቁልቁል አየች።

«ወንድሜን የወሰደው ይኼ ነው?»

«ይኼ ነው። ሂጂ።»

ሄደች። ኮቴዋ የማዶውን ሣር ሲረግጥ ጎርፉ እያጓራ ደረሰ። ድልድዩን ከሥሩ ረጨው፣ ሐረጉን አራሰው። ሐረጉ ይብሱን ጠበቀ።

ከወዲህኛው ዳር አንበሳ ሌላ ሸንጎ ጠርቶ ነበር። «ይኼን ድልድይ ማን ሠራው?»

«እኔ ነኛ!» አለ አያ ጅቦ ከተኛበት ሳይነሣ። «ስንቴ እንደተመላለስኩበት ቀበሮን ጠይቋት። ወደ ማዶ ግን አትድከሙ፤ ሄጄ አይቻለሁ፣ ምንም የለም።»

አህያው አሁንም ሸንጎው ላይ አልነበረም። ልጁን ተከትሎ ተሻግሮ፣ ማዶ ሆኖ አንገቱን ከድልድዩ ሥር አስግጎ ሐረጉን ያይ ነበር። ውርንጭላዋ ሣር እንደጎረሰች መጥታ አጠገቡ ተንበረከከች።

«አባ፣ አንድ ቀን ቢሰበር የት ጋ ነው የሚሰበረው?»

የአህያው ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆሙ። ከጎርፉ ጩኸት በላይ አንዴ አናፋ።

«ነይ እንይ» አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሥራችን ሲፈርስ «ማን አፈረሰው?» እያልን ስንጮህ ከምንውል ጎንበስ ብለን «የት ጋ ተሰበረ?» ብንል፣ ስባሪው ራሱ የሚያሻግረንን መንገድ እንደሚነግረን ነው።