ጥቁሩ ስክሪንና የሸምሱ ስም

አንድ ጌም ቤት ያለው ሰው ነበር፤ ስሙ መኩሪያ ይባላል። ጌም ቤት ይባል እንጂ ያለው አንድ ክፍል፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንዲት ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሯን በገዛበት ዘመን በከተማው የሚስተካከላት አልነበረም፤ ሰው ከደጅ ድረስ ተራ ይዞ ይጫወትባት ነበር። መኩሪያም በእሷ ምክንያት በሰፈሩ አዋቂ ተባለ። የማንም ኮምፒውተር ቢበላሽ ወደ እሱ ይመጣል፤ እሱም ፈታ ፈታ አድርጎ፣ አቧራውን እፍ ብሎ ይመልሳል። ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። ያልተሳካለት ጊዜ ደግሞ «ዕቃው ነው የሞተው» ይላል። «እኔ አልቻልኩም» ሲል የሰማው ሰው ግን የለም።

ዘመን ለኮምፒውተርም አያዝንም። አዳዲስ ጌሞች ሲከፈቱባት ሥዕሉ እየተንቀረፈፈ፣ መሀል ላይ ቀጥ እያለ አስቸገረ። ተጫዋቾቹም አንድ በአንድ ወደ ሌላ ቤት ሄዱ። መኩሪያ አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ያገለገሉ ዕቃዎች ወደሚሸጡበት መደዳ ሄዶ፣ ከሸምሱ ሱቅ ርካሽ ግን ደህና የሆነ ግራፊክስ ካርድ ገዛ። ግራፊክስ ካርድ ማለት ሥዕሉን ጥርትና ፈጠን የሚያደርገው ክፍል ነው።

በዚያ መደዳ የሚሸጥ ዕቃ ካርቶን የለውም፤ ዋስትና የሚሉት ወረቀትም የለውም። ወረቀቱ የሻጩ አፍ ነው። ሸምሱ «ይሠራል» ካለ ይሠራል፤ «ይሄን አልመክርህም» ካለ ደግሞ የሚገዛ የለም። በአሥራ ሁለት ዓመት ያፈራው ሀብት ቢኖር ይኸው ቃሉ ነበር።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ማሽኑን ያምጡትና እኔው ልግጠምልዎ» አለው ሸምሱ ካርዱን በጋዜጣ እየጠቀለለ።

መኩሪያ ሳቀ። «ለእኔ ነው? አንተ ሱቅ ሳትከፍት ጀምሮ ስፈታ ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ።»

«እሱንማ መች አጣሁት። ብቻ ሲገጥሙት የስክሪኑን ገመድ…»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ» አለና ዕቃውን ተቀብሎ ሄደ።

ቤቱ ገብቶ ገጠመው። ሲያበራው የካርዱ ማራገቢያ ዞረ፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። አወጣው፤ ማሽኑ ላይ የሚሰካባቸውን የካርዱን ጥርሶች በላጲስ ፈግፍጎ መልሶ ከተተው። አሁንም ጥቁር ነው። አራት ተጫዋቾች አዲሱን ነገር እናያለን ብለው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። መኩሪያ ጀርባውን ሰጥቷቸው ላቡን ጠረገ። ያን ጊዜ «እስቲ ሻጩን ልጠይቀው» ማለት ይችል ነበር። አላለም። «ሬሳ ነው የሸጠልኝ» አለ፤ ይህን ሲል ትንሽ ቀለል አለው።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ መደዳው በገበያተኛ የሚጨናነቅበት ቀን። መኩሪያ ካርዱን እንኳ ሳይዝ ሄዶ በሸምሱ ሱቅ ፊት ቆመና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እናንተ ሰዎች ስሙኝ። ይሄ ሰው የሞተ ዕቃ እየጠቀለለ ይሸጣል። እኔን አዋቂውን እንዲህ ካደረገ እናንተን ምን ሊያደርግ ነው?»

ሰው ከየሱቁ ወጣ። ሸምሱም ከመደርደሪያው ጀርባ ወጣ። «ጋሽ መኩሪያ፣ ማሽኑን ያምጡትና አብረን እንየው። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ሌላ እሰጥዎታለሁ» አለ።

«ያንተ ዕቃ ይቅርብኝ። ሰው ይወቅህ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሰውም አወቀው። ሳያጣሩ ወሬ ሳይገሉ ጎፈሬ ይባላል፤ ያን ቀን ግን ላጣራ ያለ አንድም ሰው አልተገኘም። አዋቂ ተናግሯል፣ አለቀ። መኩሪያም ካርዱን ከማሽኑ ሳያወጣ፣ ለመጣው ሁሉ እያበራ ጥቁሩን ስክሪን ያሳይ ጀመር። «ይኸው፣ እዩልኝ» ይላል። ወሩ ሳይሞላ ሸምሱ የሱቁን ግማሽ ለሞባይል ሽፋን ሻጭ አከራየ። በቀረችው ግማሽ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥቶ፣ አላፊ አግዳሚውን እያየ ይውል ነበር።

አንድ ቀን የመኩሪያ ሚስት አስካለ ቤቱን ልትጠርግ ጠረጴዛውን ስትስብ፣ የስክሪኑ ገመድ ተነቅሎ ወደቀ። ደንግጣ ከኮምፒውተሯ ጀርባ አጎንብሳ አየች። ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ገመዱ ከየትኛው እንደወጣ አላየችም። ታችኛው ለእጇ ቀረባትና እሱ ላይ ሰካችው። አበላሽቼ እንደሆነ ልይ ብላም ኮምፒውተሯን አበራቻት። ስክሪኑ ቦግ አለ።

«መኩሪያ፣ ና እስቲ። ይሄ ነገር ሠራ እኮ።»

መኩሪያ ከጓሮ መጣ። አንድ የኳስ ጌም ከፈተ፤ ሥዕሉ ጥርት ብሏል፤ የሜዳው ሣር እንኳ አንድ በአንድ ይለያል። ወደ ኋላ ዞሮ ገመዱን አየ። ገመዱ ለዓመታት የሚሰካው በላይኛው ቀዳዳ ላይ ነበር። አዲሱ ካርድ ግን የራሱን ቀዳዳ፣ ታችኛውን፣ ይዞ መጥቷል። መኩሪያ እጁ በለመደው ሰክቶ ዕቃውን ሬሳ ብሎታል። ሸምሱ ሊነግረው ጀምሮ አፉ ላይ ያስቀረበት ነገር ይኸው ነበር።

«ችግሩ ምን ኖሯል?» አለች አስካለ።

«ምንም። ጊዜ ነው የፈለገው» አላት። ይህን ሲናገር ጆሮው ጋለ።

ተጫዋቾቹ ተመለሱ። «ጋሼ፣ ይሄን ደግሞ ከየት አመጡት?» ሲሉት «ከሌላ ቦታ» አለ። ይህን ካለ በኋላ ሥዕሉ ባማረ ቁጥር እሱ ፊቱን ያዞራል። በመደዳው ማለፍ ትቶ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ጀመረ። አንድ ቀን ዝናብ አስገድዶት በዚያ ሲያልፍ፣ ሸምሱ ከወንበሩ ብድግ ብሎ እንደ ድሮው እጅ ነሳው። ቢሰድበው በተሻለው ነበር። መኩሪያ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ቤቱ ሲደርስ ሚስቱን ጠራት።

«አስካለ፣ ሰውዬውን በድያለሁ» አላት።

«አውቃለሁ። ገመዱን የሰካሁት እኔ አይደለሁ? አንተው እስክትለው ነበር የጠበቅኩህ።»

መኩሪያ ቅዳሜን ሸሸና ማክሰኞ በማለዳ፣ መደዳው ገና ጭር እንዳለ ሄደ። ሱቁ ውስጥ ገባ፤ በሩን ገርበብ አደረገ፤ ሁሉንም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናዘዘ። ጉልበቱን ሊይዝ ሲያጎነብስ ሸምሱ በሁለት እጁ አነሳው።

«አፉ ብያለሁ፣ ጋሽ መኩሪያ። ቂም የለኝም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቀኝ።»

«የዚያን ቀን ሲናገሩ በሩን ገርበብ አድርገው ነበር?»

መኩሪያ ዞሮ ራሱ ገርበብ ያደረገውን በር አየ።

«ያን የሰሙት ሰዎች አሁን እዚህ የሉም» አለ ሸምሱ ቀስ ብሎ። «እኔማ ዕቃው እንደሚሠራ ድሮም አውቅ ነበር።»

ቅዳሜ መጣ። መኩሪያ በዚያው በሱቁ ፊት ቆመ። «ስሙኝ» አለ። «ሸምሱ የሞተ ዕቃ ሸጠልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ዕቃው ጤነኛ ነበር። ገመዱን ያለ ቦታው የሰካሁት እኔ ነኝ፤ ያስተካከለችው ሚስቴ ናት። ከሠራ በኋላም ከሌላ ቦታ ገዛሁት ብዬ ዋሽቻለሁ።»

ሁለት ሦስት ሰው ቆሞ ሰማ። አንዱ ሳቀ። ሌላው ገበያተኛ ከዋጋ ክርክሩ ቀና አላለም። ለስድቡ ከየሱቁ የወጡት ሰዎች ለይቅርታው አልወጡም። መኩሪያ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሶ መጣ፤ በሦስተኛውም መጣ። ጥቂት ደንበኞች ወደ ሸምሱ ተመለሱ፤ የሱቁ ግማሽ ግን እስካሁን የሽፋን ሻጩ ነው።

አንድ ቀን መኩሪያ ታክሲ ሲጠብቅ፣ አጠገቡ የቆመ የማያውቀው ወጣት ለጓደኛው «ሸምሱ የሚባለው ጋ እንዳትሄድ፣ የሞተ ዕቃ ነው የሚሸጠው» ሲል ሰማው።

«ማን ነገረህ?» አለ መኩሪያ።

«አንድ አዋቂ ሰው ነው አሉ የተናገረው» አለው ወጣቱ።

ወዳጆቼ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ክፉ ቃል እኛ ሳንከተለውም ብቻውን አገር ያዳርሳል። ይቅርታ ግን በእግራችን ካልወሰድነው የትም አይደርስም። በአደባባይ የሰበርነውን ስም በጓዳ ልንጠግነው ስንሞክር የምናሳርፈው የራሳችንን ልብ ብቻ ነው፤ የተበደለው ሰው ደጃፉ ላይ እንደተቀመጠ ነው። እኛስ ሳናጣራ «አይረባም» ያልነው ማንን ነው? ያን ስንል የት ቆመን ነበር? ይቅርታ የጠየቅነውስ እዚያው ቆመን ነው?