በሰባተኛው ቅርጫት የቆመው ጨዋታ

አንድ ጡረታ የወጡ ሹም ነበሩ። ስማቸው አቶ አስናቀ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነው ሲኖሩ በር በገዛ እጃቸው ከፍተው አያውቁም፤ ቀድሞ የሚከፍትላቸው ሰው ጠፍቶ አያውቅማ። ጡረታ በወጡ ማግስት ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው የግቢያቸው በር ፊት ለፊት ሩብ ሰዓት ያህል ቆሙ። በሩ አልተከፈተም። በኋላ ሚስታቸው ይርገዱ ቆሻሻ ልትደፋ ስትወጣ ተከትለዋት ወጡ።

ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። "ይቅደሙ" መባል ለምደው ነው። ድሮ ሰርግ ሲጠሩ እሳቸው ሳይነሱ ሳህን የሚያነሳ አልነበረም። አሁን ሰልፉ መሀል ይቆማሉ፤ ተራቸው ሲደርስ ዶሮው አልቆ ሽሮ ይጠብቃቸዋል። ፀጉር ቤት ሄደው ከአንድ የታክሲ ረዳት ኋላ አንድ ሰዓት ተቀመጡ። ለቅሶ ቤት ገብተው ከወንበራቸው የተነሳላቸው ሰው የለም፤ አንዱ የተነሳ መስሏቸው ነበር፣ እሱ ለካ ሽንት ቤት ሊሄድ ነው። ከዚያ ወዲያ እህል አልበላ አላቸው። ኮታቸው እሳቸውን ይዞ አንድ ጎረቤት የሚጨምር ሆነ።

ይርገዱ ይሄን ስታይ ከርማ፣ አንድ ቀን ጠዋት ዱላቸውን አቀበለቻቸውና ወጥተው ሰው እንዲያዩ አዘዘቻቸው።

ሰፈራቸው ከከተማው ዳር፣ አዳዲስ ቤቶች በበቀሉበት በኩል ነው። እዚያ አንዲት ትንሽ መናፈሻ አለች። መናፈሻዋ ውስጥ ዘጠኝ የብረት ምሰሶዎች ቆመዋል፤ በየአንዳንዳቸው ወገብ ላይ የብረት ቅርጫት፣ ከቅርጫቱ በላይ ደግሞ ዙሪያውን የተንጠለጠለ ሰንሰለት አለ። መጀመሪያ የተተከሉ ሰሞን ምን እንደሆኑ የሚያውቅ አልነበረም። አንዷ ካልሲ አሰጣችባቸው። አንዱ መብራት ሊገባላቸው ነው ብሎ አምፖል ገዛ። በኋላ ነው ጨዋታ መሆኑ የታወቀው። ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ሳህን ትይዛለህ፤ ከመነሻው ቆመህ ትወረውራለህ፤ ሰንሰለቱን መትቶ ቅርጫቱ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ከወደቀበት እያነሳህ ትወረውራለህ። ሲገባ ወደ ሚቀጥለው ትሄዳለህ። በቃ፣ ይሄው ነው። ቅርጫቶቹ ደግሞ በጣም የተቀራረቡ ናቸው፤ ለጀማሪ ተብለው የተተከሉ ናቸውና ምስር ጥዶ የወጣ ሰው ሳያርበት ዘጠኙንም ዞሮ ይመለሳል። ምርኩዝ የያዘም፣ እርጉዝም ይጫወተዋል።

አቶ አስናቀ የመጡ ቀን እዚያ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሙሄ ነው፤ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ። ሁለተኛዋ ሲስተር ዘነቡ ናት፤ ጡረታ የወጣች አዋላጅ፣ የሰፈሩን ግማሽ ራቁቱን የምታውቅ። ሙሄ ሳህን ሰጣቸውና ደንቡን ሊያስረዳቸው ጀመረ።

"ገብቶኛል" አሉት አቶ አስናቀ። ምንም አልገባቸውም ነበር፤ ግን ኃላፊ የነበረ ሰው አልገባኝም አይልም።

የሙሄ ሳህን ሄዶ ቅርጫቱ ሥር ወደቀ። የሲስተር ዘነቡም እዚያው አጠገብ። የአቶ አስናቀ ሳህን ግን ወደ ላይ ወጣ፣ አየር ላይ ትንሽ አሰበ፣ ከዚያ ወደ ጎን ታጥፎ የመናፈሻውን አጥር ተደግፎ ቆመ። እሳቸው ይሄን ለመርሳት ሲዘጋጁ ሲስተር ዘነቡ ገለል አለችና እጇን ዘረጋች።

"ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ።"

አቶ አስናቀ ጆሯቸውን አላመኑም። ኮታቸውን ቆለፉና ወረወሩ። ሳህኑ በቅርጫቱ በላይ አልፎ ወደ ሌላኛው ዳር ሄደ። ሙሄ ራሱን ዝቅ አድርጎ "አሁንም እርስዎ ኖት" አላቸው። ደግመው ወረወሩ። አሁንም እሳቸው ናቸው። እሳቸው ሲወረውሩ ደግሞ የሚያወራ የለም፣ የሚያስል የለም፣ የሚንቀሳቀስም የለም። በሠላሳ አንድ ዓመት ስብሰባ ሲመሩ እንዲህ ያለ ፀጥታ አይተው አያውቁም፤ ቢያንስ አንድ የሚያንኮራፋ ይኖር ነበር።

ያን ቀን ቤታቸው ገብተው ሁለት ጊዜ በሉ። ሰው አክባሪ ከአገሩ አልጠፋም፣ መናፈሻ ውስጥ ተሰብስቦ ነው እንጂ ብለው ለይርገዱ አወሩላት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ክራባት አስረው መሄድ ጀመሩ። ማታ ማታ ሪፖርት ያቀርባሉ፤ አንደኛው ቅርጫት ላይ አራት ጊዜ አስቀደሙኝ፣ አምስተኛው ላይ ዘጠኝ ጊዜ፣ ሙሄ ዛሬ አንዴም አልቀደመኝ። ይርገዱ ይሄን ስትሰማ ወደ ጓዳ ትገባለች። ገበያ ስትሄድ በመናፈሻው በኩል ታልፍ ነበርና ነገሩ ምን እንደሆነ ከገባት ቆይቷል። ግን ሰውየው እየበላ ነው። ኮቱም ጎረቤቱን አስወጥቶ ወደ ልኩ ተመልሷል። ዝም አለች።

አራት ወር እንዲህ አለፈ።

በአምስተኛው ወር እትዬ ታንጉት የሚሏት ሴት፣ ልጇ ዘንድ ልትኖር ከሩቅ ገጠር ወደ ሰፈሩ መጣች። አንድ ጠዋት ሲጫወቱ ቆማ አየች፣ አየችና ለእኔም ስጡኝ አለች። ስድስቱን ቅርጫት ከእነሱ ጋር ዞረች፤ እጇ ቀና ነው፣ እንዲያውም ከሙሄ ትሻላለች። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ግን ሳህኗ ዛፍ መታና ተመልሶ ከቆመችበት ኋላ ወደቀ። የአቶ አስናቀ ሳህን መሀል መንገድ ላይ ሳር ውስጥ አለ። የሁለቱ እንደ ልማዱ ቅርጫቱ አጠገብ ነው።

አቶ አስናቀ እንደ ልማዳቸው ክራባታቸውን አስተካክለው ሳህናቸው ጋ ሄዱ። ሲስተር ዘነቡ እጇን ዘረጋች፤ አሁን ግን ልታስቆማቸው ነው።

"ጋሼ ቆይ። አሁን እሷ ናት።"

"እኔ እያለሁ?" አሉ አቶ አስናቀ።

ሙሄ የዋህ ነው፤ የዋህ ደግሞ ዝም ማለት አይችልም። ከቅርጫቱ በጣም የራቀ ሰው ነው ቀድሞ የሚወረውረው፣ የጨዋታው ደንብ ነው፣ ያን ቀን ልነግርዎት ስል ገብቶኛል አሉኝ፣ እስከ ዛሬ እርስዎ ስለሚርቁ ነው እንጂ ዛሬ እሷ ራቀች አላቸው። ሰው ሲወረውር ዝም የሚባለውም እጁ እንዳይሳሳት ነው፣ ለሁሉም ዝም ይባላል ብሎ ጨመረበት። ባይጨምር ጥሩ ነበር።

አቶ አስናቀ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። አራት ወር ሙሉ፣ ከሦስት ሺህ የማያንስ "ይቅደሙ" ቆጥረው ነበር። አሁን ሁሉም ወደ እርምጃ ተለወጠ። ይቅደሙ የተባሉት ሁሉ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደቀሩ የተለካበት ነው ለካ።

እትዬ ታንጉት ወረወረች። ሳህኗ በራሳቸው ላይ አልፎ ከሁለቱ አጠገብ ወረደ። እሷም ተከትላው ስትሄድ አቶ አስናቀ ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

"አላወቁኝም እንጂ እኔ አውቅዎታለሁ" አለቻቸው። "እርስዎ ቢሮ ለአንዲት ማኅተም ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሻለሁ። ሁለት ቀን መንገድ ላይ አድሬ መጥቼ ኮሪደሩ ላይ ስቀመጥ፣ ከመንገዱ ማዶ የሚኖር ሰው እየቀደመኝ ይገባል።"

አቶ አስናቀ ወደ እሷ ዞሩ። "ታዲያ ተመታልሽ?"

"በዘጠነኛው። እርስዎ የዓመት ፈቃድ ወጥተው ነበር።"

ቂም አልነበረባትም፤ የሆነውን ነው የምትናገረው። "እዚህ ግን ገና ዛሬ ብመጣ፣ ራቅ ብለሻልና ቅደሚ አሉኝ። ደግ ጨዋታ ነው። በሉ እንግዲህ፣ አሁን የቀሩት እርስዎ ኖት።"

አቶ አስናቀ አልወረወሩም። ሳህናቸውን እዚያው ሳሩ ላይ ትተው፣ ዱላቸውን ይዘው ሄዱ። የግቢያቸውን በር በገዛ እጃቸው ከፍተው ገቡ፤ በጣም ከመናደዳቸው የተነሳ አላስተዋሉትም። ሲያሾፉብኝ ነው የከረሙት ብለው ለይርገዱ ነገሯትና ተኙ። አራት ቀን አልወጡም። እህሉም ቀረ። ይርገዱ ኮቱን እያየች አሳቧ በዛ።

በአምስተኛው ቀን ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን እንደያዘች መኝታ ቤት ገባች።

"ሰዎችህ እዚያው ናቸው" አለቻቸው።

"የት?"

"ሰባተኛው ጋ። አልወረወሩም። በጣም የራቀው ሳይወረውር የቀረበ አይወረውርም፣ ተራው የጋሼ ነው አሉኝ። ማታ ቤታቸው ያድራሉ፣ ጠዋት መጥተው ይቆማሉ።"

አቶ አስናቀ መጀመሪያ አላመኑም። ኮታቸውን ለብሰው ክራባታቸውን አስረው ሄዱ።

እውነትም እዚያው ናቸው። ሙሄ ሥራ እንዳይፈታ የስፌት መኪናውን በጋሪ አስመጥቶ ዛፉ ሥር ሱሪ ያሳጥራል። ሲስተር ዘነቡ የሚያልፈውን የሚያገድመውን እያስቀመጠች ደም ግፊት ትለካለች፤ የስድስት ሰው ጨው ከልክላለች። እትዬ ታንጉት ጥጥ ትፈትላለች፤ ለአንድ ነጠላ የሚበቃ አድርሳለች። ሌላው ተጫዋች በዳር በዳር ዞሮ ወደ ስምንተኛው ያልፋል። ሦስቱ ሳህኖች ቅርጫቱ አጠገብ የወደቁበት አሉ። የአቶ አስናቀ ሳህን ደግሞ የተዋት ቦታ ላይ፣ ሳር አጫጁ እንዳይነካት ዙሪያዋን ድንጋይ ተደርድሮላታል። ላይዋ ላይ አንዲት ዶሮ ተኝታለች። ከመጣች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ሳህኗ ከተነቃነቀች ጋሼ የቆሙበት ይጠፋል ተብሎ የነካት የለም።

አቶ አስናቀ ዶሮዋንም ሰዎቹንም ተራ በተራ አዩ።

"እኔን ትታችሁ ለምን አልጨረሳችሁም?" አሉ።

ሙሄ መርፌ በአፉ ስለያዘ አልመለሰም። ሲስተር ዘነቡ የአንድ ሰው ክንድ እያሰረች ነበር፤ ቀናም አላለች።

"ጋሼ፣ አርባ ዓመት አዋላጅ ነበርኩ። ልጅ ዘገየ ብዬ ትቼ ቤቴ ሄጄ አላውቅም።"

 አቶ አስናቀ ክራባታቸውን ፈቱና ኪሳቸው ከተቱ። ዶሮዋን "ይቅርታ" ብለው አስነሷት፤ ዶሮ ይቅርታ ስትባል የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም። ሳህናቸውን አነሱ። ሙሄ መኪናውን አቆመ። እንዝርቱም ቆመ። ክንዱ የታሰረው ሰውዬ እንኳ ትንፋሹን ያዘ። ያ የሚያውቁት ፀጥታ መጣ፤ ለእጃቸው መሆኑን አሁን ያውቃሉ።

ወረወሩ። ሳህኑ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ሄደ፣ የቅርጫቱን ብረት መታ፣ መሬት ወርዶ በጠርዙ ቆመና እንደ ጎማ እየተንከባለለ ቁልቁለቱን ያዘ። ሁሉም በዓይናቸው ሸኙት። መነሻው ቦታ ላይ ደረሰ፣ አለፈው፣ ቦይ ውስጥ ገባ።

 ሙሄ መርፌውን ሊውጥ ምንም አልቀረውም።

"እንግዲህ" አለች እትዬ ታንጉት፣ "አሁንም እርስዎ ኖት።"

መጀመሪያ የሳቁት አቶ አስናቀ ናቸው። "አዎ እኔ ነኝ" አሉ። "ሩቅ ነኝ፤ ጠብቁኝ።" ሱሪያቸውን ሰብስበው ቦይ ወረዱ። ያን ቀን ዘጠኙን ቅርጫት ሲጨርሱ ፀሐይ አናት ላይ ደርሳ ነበር። የይርገዱ ምስር አርሯል። አቶ አስናቀ ያረረውን ምስር ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰርግ ተጠርተው ሄዱ አሉ። ሰልፉ መሀል ቆመው ወደ ኋላ ሲያዩ፣ ጫፉ ላይ ከሩቅ የመጡ የሚመስሉ አሮጊት ጫማቸው አቧራ ለብሶ ቆመዋል። ጠርተው ፊታቸው አስቀደሟቸው። ለአሮጊቷ የመጨረሻዋ ዶሮ ደረሰቻቸው፤ ለአቶ አስናቀ ሽሮ። ሽሮው ጥሩ ነበር ብለዋል።

ከዚህ የምንይዘው ይሄ ነው። ሰው "ቅደም" የሚባለው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ ከፍ ስላለ ነው፤ ያ ከወንበሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፣ በማግስቱ በሩ ራሱ አይከፈትለትም። ሌላው ወደ ኋላ ስለቀረ፣ የእሱ መድረስ ለሌሎቹ ጨዋታ ስለሆነ ነው። ይሄኛው ሲባሉት ያሳፍራል፤ ግን ሰው ሥራውን ተሸክሞ መጥቶ አራት ቀን የሚቆምለት ይሄኛው ብቻ ነው። አቶ አስናቀ አራት ወር ሙሉ ክብር ነው ብለው የቆጠሩት ክብር አልነበረም፤ ንቀት ነው ብለው የሸሹት ግን ክብር ነበር።

እስቲ እናንተም አስቡት። በእናንተ ቤት፣ በእናንተ መሥሪያ ቤት፣ በእናንተ ማኅበር ከሁሉ ሩቅ የሆነው ሰው ስንተኛ ላይ ነው የሚቆመው? ሳህኑን ሳር ውስጥ ጥሎ የሄደ ሰው ካለስ፣ ድንጋይ ደርድራችሁ ጠበቃችሁት ወይስ ስምንተኛው ጋ ናችሁ? ይሄን ለሚቸኩል ሰው ንገሩት፤ ቆሞ ከሰማችሁ።