ትርፉ ለእናንተ ነው

አንድ ባለጠጋ ነበረ። ቁጭ በል ምትኩ፤ ለጥያቄህ መልስ የምሰጥህ በእሱ በኩል ነው። ከአባትህ የብሎኬት ማምረቻ ወርሰሃል። ሠራተኞችህ ደመወዝ ይጨመርልን ብለውሃል። ነጋዴ ወዳጆችህ ደግሞ ግብሩ ይቀነስልን፣ ውርስ አይነካብን፣ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ሕግም አይምጣብን እያሉ ሲከራከሩ ሰንብተዋል። አንተም መጥተህ «አባባ፣ በላቤ ያገኘሁትን ለምን አካፍላለሁ? እኔ ካደግሁ እነሱም ማደጋቸው ይቀራል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ጥያቄህን አልናቅሁትም። ባለጠጋውም የጠየቀው ይህንኑ ነበር።

ይህ ሰው በአንድ ሸለቆ ራስጌ ላይ ሰፊ መሬት ነበረው። ሸለቆውን የሚያጠጣው አንድ ቦይ ነው። ቦዩ ከወንዙ ተጠልፎ መጀመሪያ በባለጠጋው ማሳ ያልፋል፤ ከዚያ በአርባ ገበሬዎች ማሳ ላይ እየዞረ ወርዶ ግርጌ ያልቃል።

ሰዎቹ ቦዩን የሚያኖሩበት ደንብ ነበራቸው። ውሃውን በተራ የሚያከፋፍል የውሃ አባት ይመርጣሉ። ከመስኖው ወራት በፊት እያንዳንዱ በመሬቱ ልክ የጠረጋ ቀን ያዋጣል፤ ሰፊ መሬት ያለው ብዙ ቀን፣ ትንሽ ያለው ጥቂት ቀን። ጠረጋው የሚጀመረው ከግርጌ ነው፤ የመጀመሪያዋን ዶማ የሚመታው ግን የራስጌው ሰው ነው። ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ ብትጠይቃቸው አያውቁትም፤ አባቶቻችን ሲያደርጉ አየን ነው የሚሉህ። ከአንድ በላይ የውሃ ተራ ያለው ሰው ሲሞት ደግሞ አንዷ ተራ ትመለስና ተራ ለሌለው ሰው ትሰጣለች። የቀን ሠራተኛ ውሎ ሲገባ አንድ ቁና በቆሎ ከነቁልሉ ይሰፈርለታል። ከዚያ አሳንሶ መስፈር ነውር ነበር።

ባለጠጋው ክፉ ሰው እንዳይመስልህ። ከሠራተኞቹ ቀድሞ ማሳ የሚገኝ፣ ሽንኩርቱን እንደ ልጅ የሚንከባከብ ብርቱ ገበሬ ነበር። የውሃ አባቱም ቅዱስ አልነበረም። የሚስቱን ወንድም ማሳ ያለ ተራው ሲያጠጣ ሁለት ጊዜ እጅ ከፍንጅ ተይዟል። ስለዚህ ባለጠጋው አንድ ቀን በቦዩ ዳር በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ቆሞ ሲናገር፣ ንግግሩ ሁሉ ሐሰት አልነበረም።

«በየዓመቱ ሠላሳ ቀን ጠረጋ ታዙኛላችሁ» አለ። «ያወጣሁት ጉልበት የት እንደሚገባ ደግሞ የውሃ አባቱንና አማቹን ጠይቁ። እነዚያ ሠላሳ ቀናት ማሳዬ ላይ ቢውሉ እርሻዬ እጥፍ ይሆናል። እጥፍ ሲሆን የምቀጥረው እናንተኑ ነው። ከጠረጋው ነፃ አውጡኝ፤ ትርፉ ለእናንተ ነው።»

ነገሩ የተበላሸው እዚህች ቃል ላይ ነው። እሱ ትርፍ ሲል ገበያውን እያሰበ ነበር። እነሱ ትርፍ ሲሰሙ ውሃውን አሰቡ፤ በዚያ ሸለቆ ከራስጌ ማሳ አልፎ የሚወርደውን ውሃ ትርፍ ነው የሚሉት። በጠረጋው ቀን ፈንታ ብዙ ውሃ የሚለቅላቸው መስሏቸው አጨበጨቡና ነፃ አወጡት። ያጨበጨቡት ደግሞ የግርጌዎቹ ናቸው! እኔ በበኩሌ ይህን ባሰብኩ ቁጥር እናደዳለሁ።

ባለጠጋው ይጠርገው የነበረው ድርሻ ግርጌ ያለው፣ ደለል የሚበዛበት ክፍል ነበር። በዚያ ዓመት ሌሎቹ የራሳቸውን ጠርገው ሲያበቁ ጉልበታቸው አለቀና የእሱ ድርሻ እንዲሁ ቀረ። ውሃው ወረደ፤ ግን ቀጠነ።

በማግሥቱ ዓመት የባለጠጋው አባት አረፉ። ሽማግሌው የሦስት ቀን የውሃ ተራ ነበራቸው። በደንቡ መሠረት አንዷ ትመለሳለች፤ ተረኛዋ ደግሞ የሺመቤት የምትባል መበለት ነበረች። የሺመቤት ግርጌው መጨረሻ ላይ ሁለት ጥማድ መሬት አላት፤ ተራ ግን የላትም። ጎረቤት ሲራራ የሚለቅላትን ውሃ ይዛ ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ስድስት ዓመት ጠብቃለች። ባለጠጋው ግን «አባቴ ለእኔ ብሎ የደከመበትን በሞተ ማግሥት ልትነጥቁኝ ነው? ሐዘኔ እንኳን ሳይወጣልኝ?» ብሎ አለቀሰ። እንባው እውነተኛ ነበር። ሕዝቡም አዘነለትና ተራዋ ለእሱ ጸናች። የሺመቤት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ስለ እሷ ያለቀሰ ሰው አልነበረም።

ግርጌው እየደረቀ ሲሄድ ሰው ሁሉ የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ ራስጌ ወጣ። የሺመቤትም ወጣች። ሠራተኛው ሲበዛ ባለጠጋው ልቡ ተለወጠ። አንድ ቀን ማምሻውን በቆሎ ሲሰፍር ቁናውን ሞላና፣ ቁልሉን በመዳፉ ጠርጎ አፉ ድረስ ብቻ አስቀረው።

«ምነው ጌታዬ?» አለችው የሺመቤት።

«ማንም ተገዶ አልመጣም። በዚህ የማይሠራ ይሂድ፤ ከኋላው የቆመ ሌላ ሰው አለ» አላት።

በዚያች መዳፍ ሥር የተንከባለለችው ፍሬ የሕፃን እራት ነበረች፣ ምትኩ። የሺመቤት የተጠረገውን ቁና ይዛ ሄደች፤ በማግሥቱ አልተመለሰችም። ያለቻትን አንዲት ፍየል ሸጠች። በእንስራ እየተመላለሰች ውሃ የምታጠጣው የበርበሬ ችግኝ ነበራት፤ ቦዩ ውሃ ካላመጣ የኋላ ኋላ ችግኙም ይሞታል፣ መሬቱንም ለሌላ አከራይታ ልጆቿን ይዛ ትሰደዳለች። ስለዚህ ዶማዋን አንስታ ቦዩ ውስጥ ገባችና ከግርጌ ወደ ላይ ብቻዋን ትቆፍር ጀመር። አላፊ አግዳሚው አበደች አላት። እሷ ግን «ለእሱ ከምሠራ ለውሃው ልሥራ» እያለች መቆፈሯን ቀጠለች።

ሌሎቹ ሠራተኞች በተጠረገ ቁና ልጅ ማሳደግ ሲያቅታቸው አንድ በአንድ ሩቅ አገር ለሥራ ወረዱ። በሦስተኛው ዓመት ጠረጋ የሚወጣ ጉልበት ጠፋ፤ ደለሉ ከግርጌ ተነስቶ ቦዩን እየሞላ ወደ ላይ ወጣ።

ያኔ ባለጠጋው አይቶት የማያውቀው ነገር መጣ። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ወደ ማሳው የገባው ውሃ እንደ ወትሮው አልፎ የሚወርድበት ቦታ አጣ፤ ተመልሶ ሽንኩርቱ ላይ ተኛ። መግቢያውን ሲደፍነው ማሳው ይደርቃል፤ ሲከፍተው ይጥለቀለቃል። እጥፍ ካደረገው እርሻ እኩሌታው በሳምንት ውስጥ በሰበሰ። ሽታው ከሩቅ ይጣራ ነበር። ቦዩን የሚከፍቱለት ሠራተኞች ቢያስፈልጉት ከኋላ ቆሟል የተባለው ሌላ ሰው የለም። እንግዲህ ያ የግርጌ ሰዎች የተመኙት ትርፍ ውሃ ሁሉ እሱ ደጅ ተኝቶ ነበር።

ባለጠጋው መዘጋቱን ፍለጋ በቦዩ ዳር ወደ ታች ወረደ። ከአባቱ ሞት ወዲህ ግርጌን ረግጦ አያውቅም። የተሰነጠቀ መሬት፣ የተዘጋ ቤት፣ የደረቀ በርበሬ እያየ ሄደ። መጨረሻ ላይ ዶማ ሲመታ ሰማ። የሺመቤት ደረቅ ቦይ ውስጥ እስከ ትከሻዋ ገብታ አፈር ታወጣለች።

ቀና ብላ አየችውና ሳቀች። «እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ! ትርፉ ለእናንተ ነው ብለው አልነበር? ይዘውልን መጡ?»

ባለጠጋው የጠረገችውን አየ፤ አንዲት ሴት በዶማ ብቻ ስልሳ ክንድ ያህል ከፍታለች። ያ ኩሩ ሰው እፍረት ተሰማው። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ከቦዩ ዳር ጣለ፣ ሱሪውን ሰበሰበ፣ ወርዶ ከአጠገቧ ቆመና ዶማውን ተቀብሏት መታ።

ከወዲያ ማዶ ያዩት ሰዎች መጀመሪያ ዓይናቸውን አላመኑም። «የራስጌው ሰው ግርጌ ዶማ መታ!» እያሉ ተጠራሩ። ሰው የቀረበት ቤት ሁሉ ተከፈተ። የውሃ አባቱ እንኳ አማቹን እየጎተተ መጣ! ሩቅ ከወረዱትም ወሬው የደረሳቸው ተመለሱ። ከግርጌ እየተነሱ፣ እየዘፈኑ፣ እየተሳደቡ፣ እየተሳሳቁ ቆፈሩ። በስምንተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ የመጨረሻው የደለል ግድግዳ ቀረ። ባለጠጋው ዶማውን ለየሺመቤት ሰጣት። እሷም አፈረሰችው።

ውሃው ገለባና አቧራ እየገፋ መጣ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። የሺመቤት ከቦዩ ውጪ ቢሏት እምቢ አለች፤ ጉልበቷ ድረስ እስኪሞላ ቆማ ጠበቀችው። ከዚያ ቀድማው ሮጣ የማሳዋን አፍ ከፈተችና ውሃው በበርበሬዋ መደብ መካከል ሲገባ እያየች ሳቀችም አለቀሰችም። ላይ ደግሞ በባለጠጋው ማሳ የተኛው ውሃ እየጎደለ ወርዶ የሽንኩርቱ ጫፍ ብቅ ብቅ አለ። እኩሌታው ተረፈ። ባለጠጋው በጭቃ እንደተለወሰ ከግርጌ ሰዎች ጋር ጨፈረ፤ ጭፈራ እንደማይችልም ሁሉም አወቀ።

በዚያው ቀን በቦዩ ዳር ቆሞ «ከአባቴ ተራ አንዷ የየሺመቤት ናት። የጠረጋ ሠላሳ ቀኔንም መልሳችሁ ጣሉብኝ» አለ። ማምሻውንም ቁናውን አስመጣና በቆሎውን በሁለት እጁ እያፈሰ ቆለለው፤ ፍሬው በጎን እየፈሰሰ እስኪያስቸግረው ድረስ ቆለለው። ሕዝቡ ደግሞ የውሃ አባቱን አልማሩትም። ከዚያ ወዲያ ተራውን ሁሉ ሰው በሚያየው ቦታ ቆሞ እንዲያከፋፍል፣ አንዲት ቀን ቢያዛባ ከሹመቱ እንዲወርድ ወሰኑ።

በማግሥቱ ዓመት ሸለቆው ከራስጌ እስከ ግርጌ ለመለመ። ድሮ ለሽንኩርት ብቻ ወደዚያ አገር አልወርድ ይል የነበረ የጭነት መኪና፣ በርበሬው ሲጨመር ተሰልፎ ወረደ። ባለጠጋው ከዚያ በፊት ሽንኩርቱን እንደዚያ ባለ ዋጋ ሸጦ አያውቅም። በየሺመቤት ቤት ደግሞ ሁለት ልጆች ጠግበው ተኙ።

እንግዲህ ምትኩ፣ ራስጌ ያለኸው አንተ ነህ። ግብርህ የጠረጋ ቀንህ ነው። ከውርስ የሚነሳው ድርሻ ተራ ጠብቃ የኖረችው የየሺመቤት ቀን ነው። ዝቅተኛው ደመወዝም የቁናው ቁልል ነው፤ እጅህ እንዳይጠርገው ደንብ ይጠብቀዋል። ግብር ሰብሳቢው ከሰረቀ ያዘው፣ ጩህበት፣ አስወርደው፤ እኔም አብሬህ እጮኻለሁ። በእሱ ተናደህ ቦዩን ግን አትድፈን። እስቲ ንገረኝ፣ ብሎኬትህን የሚገዛህ ማነው? ቤት የሚሠራ ሰው ነው። ቤት የሚሠራው ደግሞ ከዕለት ጉርሱ የተረፈው ሰው ነው። ለማንም ሳይተርፈው አንተ ብቻ ብታተርፍ፣ ብሎኬትህ ግቢህ ውስጥ ተቆልሎ እንደዚያ ሽንኩርት ሳይሸጥ ይቀርብሃል።

እኔ አሳንስ አላልኩህም፤ እደግ። ደግሞም ታድጋለህ! ብቻ ነገ ጠዋት ማምረቻህ ስትደርስ በቢሮህ በር አትግባ። ሲሚንቶ በሚያቦኩት በኩል ግባና ኮትህን አውልቅ። ጠረጋው የሚጀመረው ከግርጌ ነው።